አንድ ምስክር ብቻ፦ የጭነት መኪና ኮምፒውተርና የሾፌሩ ስም

በአዲስ ከተማ ለሰበካ ጉባኤ ኮሚቴዎችና ለአገልጋዮች በተዘጋጀ የንብረት አያያዝ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «የተሽከርካሪ አጠቃቀምና የነዳጅ ቁጥጥር» የሚል ነው። ርእሱ ደረቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ደረቅ ርእስ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ሊጠፋ እንደሚችል በራሴ እጅ ከፈጸምሁት ስሕተት ተምሬአለሁና፣ ትምህርቱን ከዚያ ብጀምር ይሻላል።

የተሰበሰብንበት ይህ አዳራሽ ከጭድ ተራ ብዙም አይርቅም። ጭድ ተራ በስሙ ያለፈውን ዘመን ይዞ የቀረ ሰፈር ነው። ጭድ ለጋማ ከብት መኖ ነበረ፤ ጭቃ ቤት ለሚሠራም ከጭቃው ጋር የሚቦካ ነበረ። ሸቀጥ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይጓጓዝ በነበረበት ጊዜ የሲራራ ነጋዴ የበቅሎውን ጠባይ፣ በቅሎዋም የጌታዋን ጠባይ ታውቅ ነበር። አንዱ ሲያፏጭ የምትፈጥን፣ ሌላው ሲጮኽባት የምትቆም በቅሎ ነበረች። ዛሬ በዚያው ሰፈር አይሱዙና ሲኖትራክ ተደርድረው ጭነት ሲጠብቁ፣ ሾፌሮች ስለ መኪናቸው ይህንኑ ሲናገሩ እንሰማለን። «መኪናው እግሬን ለምዶታል» ይላሉ። «ኮምፒውተሩ የሾፌሩን ጠባይ ይማራል» የሚሉም አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። እኔን ያሳተኝም ግማሽ እውነት መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ የልማት ፕሮጀክት አንዲት አነስተኛ የጭነት መኪና ነበረችን። ከመርካቶ የውኃ ቧንቧ፣ ቆርቆሮና የችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ ጭና ወደ ሰሜን ሸዋ ትመላለስ ነበር። በወር 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ከማደያ የምናገኘው ደረሰኝም 330 ሊትር ናፍጣ ያህል ያሳያል። በአንድ ሊትር 6.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥርም ይህንኑ 6.4 ይል ነበርና በመዝገቡና በመኪናው መካከል ክርክር አልነበረም። ሾፌራችን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ «ጋሼ» እያልሁ የምጠራቸው፣ ብዙ ዘመን በመንገድ ያሳለፉ ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን አንድ ባለሙያ ላፕቶፕና ትንሽ ሣጥን ይዞ መጣ። «ይህችን ሣጥን በሞተሩ ላይ ብገጥምላችሁ ኃይል ይጨምራል፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ኮምፒውተሩ ቀስ በቀስ የሾፌሩን እግር እየለመደ ሲሄድ ደግሞ ቁጠባው ያድጋል» አለን። ኮሚቴው ተስማማ፤ እኔም ፈረምሁ። በወሩ መጨረሻ ዳሽቦርዱ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር አለ። ደስ አለን። 2,100 ኪሎ ሜትር ለ7 ሲካፈል 300 ሊትር ነው። ደረሰኙ ግን እንደ ቀድሞው 330 ሊትር ነበረ።

በየወሩ 30 ሊትር! በሦስት ወር 90 ሊትር! ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» አለ። ሁላችንም ሣቅን፤ ሣቃችን ግን ወደ ፍርድ ተለወጠ። መኪናው መቆጠቡን ዳሽቦርዱ መስክሯል፤ የተቆጠበው ናፍጣ ግን ከቤታችን የለም። ስለዚህ ሾፌሩ ይሸጠዋል አልን። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነበርሁ። የሁለት ወር ልዩነት ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ተወሰነ። እርሳቸው ደብዳቤውን ተቀብለው አንብበው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ወሬው ከቢሮ ወጥቶ ከሰፈራቸው ደርሶ ኖሮ፣ ለዓመታት ከማይቀሩበት የጽዋ ማኅበራቸው ቀርተው ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ማለዳ ጭድ ተራ ላይ ጭነት ስንጠብቅ ከእርሳቸው ጋር ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ተሸካሚዎቹ ቧንቧውን እያወጡ ነው። እርሳቸው ወደ ፊት እያዩ፣ «ዲያቆን ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ታንኩን እስከ አፉ አስሞላና ክዳኑን አንተው አሽገው። ከዚያ ከእኔ ጋር ሄደህ ከእኔ ጋር ተመለስ። ስንመለስ ደግሞ አስሞላው» አሉኝ። ሌላ መከላከያ አላቀረቡም።

እንዳሉት አደረግሁ። ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ ፈረምሁበት። ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደን በመንገዱ ላይ ካለው የሥራ ቦታ ዕቃ አራግፈን ተመለስን። ቆጣሪው 256 ኪሎ ሜትር አለ። በዚያው ማደያ፣ በዚያው ማሽን፣ እስከ ታንኩ አፍ ሲሞላ 40 ሊትር ገባ። በሊትር 6.4 ነው። ዳሽቦርዱ ግን 7 ይላል። እሽጉ አልተነካም፤ እኔም ከመኪናው አልተለየሁም። ስለዚህ የዋሸው ሾፌሩ ሳይሆን ዳሽቦርዱ ነው።

ክቡራን፣ ዳሽቦርዱ ለምን ዋሸ? ይህን ለመረዳት የሞተሩ ኮምፒውተር ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚማር ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የነገረ መለኮት ተማሪ እንጂ የሞተር ባለሙያ አይደለሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መካኒኮችን እየጠየቅሁ፣ እያነበብሁም የተረዳሁትን በአጭሩ ላስረዳ።

በቀድሞው የናፍጣ ሞተር ናፍጣውን የሚለካው ፓምፑ ነበር፤ መካኒኩ በመፍቻ ያስተካክለዋል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ዛሬ በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ኮመን ሬይል የሚባለው አሠራር ነው። ይህ አሠራር በጭነት መኪና ላይ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን ነው። ፓምፑ ናፍጣውን ወደ አንድ የጋራ ወፍራም ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ይገፋል። ግፊቱ እስከ 1,600 ባር፣ በአንዳንዱም ከዚያ በላይ ይደርሳል። የጭነት መኪና ጎማ 7 ባር ገደማ ይነፋል ብንል፣ ይህ ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ከቱቦው ወደየሲሊንደሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሲሆኑ፣ መቼ ተከፍተው መቼ እንደሚዘጉ የሚያዝዘው ኮምፒውተሩ ነው። ጊዜው የሚለካው በሺሕኛ ሰከንድ ነው።

ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የገባውን ናፍጣ የሚለካበት ጆግ የለውም። የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ በቱቦው ላይ ያለው የግፊት ሴንሰር የነገረውን ግፊትና እርሱ ራሱ ያዘዘውን የመክፈቻ ጊዜ። ከእነዚህ ሁለቱ ተነሥቶ «ይህን ያህል ናፍጣ ረጭቻለሁ» ብሎ ያሰላል። ዳሽቦርዱ ላይ የምናነበው ቁጥር የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

ያች ሣጥን የምትገጠመው በግፊት ሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መካከል ነው። ሴንሰሩ የነገራትን ግፊት ዝቅ አድርጋ ለኮምፒውተሩ ታቀብላለች። ኮምፒውተሩም ግፊቱ የጎደለ መስሎት ፓምፑን «ጨምር» ይለዋል። እውነተኛው ግፊት በመቶ 20 ቢጨምር፣ በዚያው የመክፈቻ ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ በመቶ 10 ገደማ ይጨምራል። ኃይል የጨመረው ስለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ተጨማሪውን አያውቀውምና አይቆጥረውም። ሾፌሩ በበኩሉ ያንኑ ጭነት በዚያው ፍጥነት ለመጓዝ ፔዳሉን እንደ ቀድሞው መጫን አያስፈልገውም። ፔዳሉ ሲቀልል የታዘዘው ናፍጣ አነሰ፤ የታዘዘው ሲያንስ ዳሽቦርዱ «ቆጥበናል» አለ። እውነተኛው ናፍጣ ግን ያው ነው፤ ሥራውም ያው ነውና። እኛ የተቆጠበ ናፍጣ ስንፈልግ ነበር። የተቆጠበ ናፍጣ አልነበረም። ከመነሻው ያልነበረውን ናፍጣ ነው ሾፌሩ ሰረቁ ያልነው።

አሁን ወደ «ልማዱ» እንምጣ። ኮምፒውተሩ የሚማረው ነገር እውነት አለው። ሆኖም በአብዛኛው የሚማረው የሾፌሩን እግር ሳይሆን የሞተሩን ዕድሜ ነው። ኢንጀክተሮች በሥራ ብዛት ያረጃሉ፤ አንዱ ትንሽ አብዝቶ፣ ሌላው ትንሽ አሳንሶ መርጨት ይጀምራል። ኮምፒውተሩም ሞተሩ በቆመበት ሲሠራ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፋት ከሞተሩ ዙር መለዋወጥ ያነባል፤ ለደከመው ይጨምርለታል፣ ካየለው ይቀንሳል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ከዋናው ርጭት በፊት የምትቀድም በጣም ትንሽ ርጭት አለች። መጠኗ ከአንድ ጠብታ እጅግ ያነሰ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሞተሩን ጩኸት የምታለዝበው እርሷ ናት። መኪናው ቁልቁል ሲወርድና ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ፣ ኮምፒውተሩ በአንድ ሲሊንደር ይህችን ጥቂት ርጭት ይሞክርና የሞተሩ ዙር ምን ያህል ከፍ እንዳለ ያያል። ከዚያ ተነሥቶ የመክፈቻ ጊዜውን ያርማል። የተማረውንም በማስታወሻው ይይዛል።

እንግዲህ የሾፌሩ ጠባይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዘወትር በመርካቶ ግርግር ቆሞ የሚሠራ፣ ቁልቁለት የማያገኝ መኪና ለዚህ ትምህርት ዕድሉ ያነሰ ነው። ረጅም መንገድ በረጋ እግር የሚነዳ ሾፌር ግን ለኮምፒውተሩ ጥሩ ትምህርት ቤት ይከፍትለታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪኖች ዘንድ የሾፌሩ ድርሻ ይሰፋል፤ አንዳንዶቹ ሾፌሩ ፔዳሉን እንዴት እንደሚረግጥ አይተው ማርሽ የሚቀይሩበትን ጊዜ ያፈጥናሉ ወይም ያዘገያሉ። በቤንዚን መኪኖች ደግሞ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ውጤቱን መልሶ ይናገራልና፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ዘወትር ያርማል። እርማቱ ግን ወሰን አለው፤ በመቶ 20 ወይም 25 ገደማ ሲደርስ «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። ስለዚህ በቤንዚን መኪና ላይ ቅይጡን የለወጠ ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ለውጡ ጠፍቶ ቢያገኘው አይገረም። ኮምፒውተሩ ወደ ተሰጠው ሕግ መልሶታል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ይህ ሁሉ ትምህርት የእኛን ሣጥን ውሸት ሊያርመው የሚችል አለመሆኑን ነው። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ያምናል፤ የሚያርመውም በሚያምነው ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው። የሚያምነው ነገር ከተበላሸ ትጋቱ ሁሉ ከስሕተት አያወጣውም። ይህን ስናገር ስለ ማሽን ብቻ እየተናገርሁ እንዳልሆነ ታስተውላላችሁ። ኮሚቴአችን ትጉህ ነበር። ደረሰኝ በደረሰኝ ቆጥረናል፤ ስሌታችንም ልክ ነበር። የተመሠረትንበት አንዱ ቁጥር ግን ሐሰት ነበረ። ቅዱስ መጽሐፍ ሰው በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድበት ያዘዘው በከንቱ አይደለም። እኛ በአንድ ምስክር፣ ያውም ማንም ሳይመረምረው ባመንነው ምስክር ፈረድን። ደረሰኙ ሁለተኛ ምስክር ነበረ፤ እርሱ ከመጀመሪያው ጋር ባለመስማማቱ ሊያሳስበን ሲገባ፣ የሰውዬው ጥፋት ማስረጃ አደረግነው።

ሣጥኗን ካስነቀልን በኋላ በዚያው መንገድ፣ ያንኑ ያህል ጭነት ይዘን ደግመን ሄድን። 256 ኪሎ ሜትር፣ 40.5 ሊትር፤ ዳሽቦርዱም 6.3 አለ። መዝገቡና መኪናው ዳግመኛ ተስማሙ። ውጤቱን ለኮሚቴው አቀረብሁ። ደብዳቤው ተሻረ፤ የተቆረጠው ደመወዝ ተመለሰ። እኔም በኮሚቴው ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸው «እግዜር ይፍታህ» ካሉኝ በኋላ፣ «ደመወዙን መልሳችሁልኛል፤ ወሬውን ማን ይመልስልኛል?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። የቻልሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሚቀጥለው የጽዋ ማኅበራቸው ቀን ፈቃዳቸውን ጠይቄ አብሬአቸው ሄድሁና የሆነውን ሁሉ በማኅበርተኞቻቸው ፊት ተናገርሁ። የሄድሁበት መንገድ ከደብረ ብርሃኑ ይልቅ ረዝሞብኝ ነበር።

ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፤ ዛሬ ከአጥቢያዎቻችን አንዳንዶቹ የጭነት መኪና፣ ፒክ አፕ ወይም ሚኒባስ አላቸው። ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የናፍጣ ፍጆታ የሚለካው ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ ነው። ታንኩ ይሞላ፤ ኪሎ ሜትሩ ይመዝገብ፤ ሲመለስ በዚያው ማደያ እንደገና ይሞላ። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ይደረግ። ጭነቱና መንገዱም ይጻፍ፤ ባዶውን ወደ ደብረ ብርሃን የሄደና ቧንቧ ጭኖ የዓባይን በረሃ የወጣ መኪና በአንድ ቁጥር አይመዘኑም። የዳሽቦርዱ ቁጥር ለጥቆማ ይጠቅማል፤ ለፍርድ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ከተፈታ ወይም ኮምፒውተሩ ከተነካ በኋላ በብዙ መኪኖች ላይ የተማረው በከፊል ወይም በሙሉ ይጠፋል። ለጊዜው ሞተሩ ሲቆም ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮም ሲቀይር ይመታ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች ቁጥር ለማወዳደሪያ አይያዝ። ቀኑም በመኪናው መዝገብ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ኢንጀክተር ሲቀየር በብዙ መኪኖች ዘንድ በላዩ የተጻፈው መለያ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አለበት። ቁጥሩ የዚያን ኢንጀክተር ልክ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ነው። መካኒኩ ይህን ማድረጉን ጠይቁ። የናፍጣ ፊልትሮም በጊዜው ይቀየር፤ በዚያ ግፊት የሚሠራ ኢንጀክተር ውኃና ቆሻሻ አይችልም።

አራተኛ፣ ኃይል የሚያስጨምር ሣጥን ወይም ፕሮግራም ለቤተ ክርስቲያን መኪና አይገጠም እላለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው የሦስት አራተኛውን ያህል ነው። በዚህ በሣሣ አየር ላይ ናፍጣ ሲጨመር ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ቱርቦውም አየር ለማምጣት ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። ሙቀቱን የሚከፍለው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩን የሚከፍለው ምእመኑ ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ ሾፌሩ ሳይሰማ ደብዳቤ አይጻፍ። ከመካከላችን መኪናውን ቀን ከሌሊት የሚያውቀው እርሱ ነው። ጋሼ የሞተሩ ድምፅ ከሣጥኗ በኋላ እንደ ተለወጠ ነግረውን ነበር፤ መዝገብ ላይ አልጻፍነውም፤ ጠይቀንም አልመረመርነውም። በእርግጥ የሚሰርቅ ሾፌር አይኖርም አልልም። ካለ ግን ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ ያለው ልኬት እርሱንም ያጋልጠዋል። ያው መለኪያ ንጹሑን ነጻ ያወጣል፣ በደለኛውንም ይይዛል። ቁጥጥር ማለት ይህ ነው።

ጋሼ ዛሬም ይነዳሉ። ጭድ ተራ ላይ ጭነት ሲጠብቁ ባገኘኋቸው ቁጥር የመኪናውን መዝገብ አውጥተው ያሳዩኛል። ኪሎ ሜትሩና ሊትሩ በእጃቸው፣ በጥሩ ጽሕፈት ተመዝግቧል። ማንም አላዘዛቸውም። ስሜ በወረቀት ጠፍቶ ነበር፤ በወረቀት እጠብቀዋለሁ ይላሉ። እኛ ኮሚቴዎች ይህን ሥራ ለሾፌሮቻችን ብቻ ሳንተው፣ የሰውን ስም እንደ ቤተ ክርስቲያን ንዋይ አክብረን እንድንጠብቅ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።